የዛፍ ጉማጅ ማውረጃ ስትገዙ የቶን ቁጥሩን ብቻ አትዩ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ቤት አጠገብ የቆመ ትልቅ ዛፍ እንዴት በየቁራጩ እንደሚወርድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ላመስግናችሁ። ስለ ዛፍ የሚጻፈው ሁሉ ስለ መትከል ነው፣ መቁረጥም ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን የሚያነሳ ብዙም የለም። ስለ መሳሪያ ምርጫ የጻፋችሁት አንቀጽ ግን አላስተኛኝም። ሐሳቡ ሲጠቀለል፣ ጠንካራ ገመድና ብዙ ቶን የሚችል ማውረጃ ግዙ፣ ከዚያ በኋላ ሐሳብ የለም የሚል ነው። ሐሳብማ አለ! እንዲያውም ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው።

እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ያለሁ ሰው ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ ከታች ገመድ ይዤ የምቆመውም እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ለገመድ ያዦች ማድላቴን አልደብቅም። ማውረጃ ለመግዛት የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ቶን ይችላል?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው እላለሁ፤ ከታች ያለው ሰው ሲያላላው ገመዱ ሳይንገጫገጭ ይሮጣል ወይ? ሲይዘውስ እየዘገየ ነው የሚቆመው ወይስ ድርቅ ብሎ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው መሳሪያ፣ አሥር ቶን ቢችል እንኳ አደጋ ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዛፉ ሥር ጣሪያ ወይም አጥር ካለ ሙሉውን መጣል አይቻልም። አንድ ሰው ላይ ይወጣና ከጫፍ ጀምሮ እየቆራረጠ ወደ ታች ይመጣል። እያንዳንዱ ጉማጅ ከመቆረጡ በፊት በገመድ ይታሰራል። ገመዱ ግንዱ ላይ በታሰረ ፑሊ፣ ማለትም ገመድ በሚሽከረከርበት ጎማ፣ ያልፍና ወደ መሬት ይወርዳል፣ እዚያም ግንዱ ሥር በታሰረ ብረት ላይ ይጠመጠማል። ያ ብረት ነው ማውረጃው። ገመድ ያዡ ጭራውን ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል፣ ጉማጁም ይወርዳል።

200 ኪሎ ጉማጅ ማንም በእጁ ይዞ ሊያወርድ አይችልም። የሚያወርደው ፍትጊያው ነው። ገመድ ክብ ብረት ላይ ሲጠመጠም እያንዳንዱ ዙር ጭነቱን ያካፍለዋል እንጂ የተወሰነ ኪሎ ብቻ አይቀንስለትም፣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለምሳሌ ገመዱ ትንሽ የሚያንሸራትት ይሁንና የፍትጊያው መጠን፣ ገመዱ ብረቱን ምን ያህል እንደሚይዝ የሚያሳየው ቁጥር፣ 0.15 ነው እንበል። አንድ ሙሉ ዙር ስታዞሩት 200 ኪሎው እጃችሁ ላይ 78 ኪሎ ያህል ይሆናል። ሁለት ዙር ላይ 30 ኪሎ፣ ሦስት ዙር ላይ 12 ኪሎ። አሁን ገመዱ ሻካራ ይሁንና መጠኑ 0.25 ይሁን። አንድ ዙር 42 ኪሎ፣ ሁለት ዙር 9 ኪሎ የማይሞላ፣ ሦስት ዙር ደግሞ ከ2 ኪሎ በታች። አያችሁት? ያው ብረት፣ ያው ሦስት ዙር ነው። ገመዱ ስለተለየ ብቻ አንደኛው እጅ ላይ የሚያዝ ጭነት ሲሆን ሌላኛው ቀለል አድርጋችሁ ብትይዙት እንኳ ይቆማል።

ብዙ ሰው «ይቆማል» ሲባል ደስ ይለዋል። ያዘ ማለት ነዋ! ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጉማጅ በጣም አስቸጋሪ የሚሆነው ከላዩ ፑሊ የሚታሰርበት ነገር ሲጠፋና ፑሊው ከጉማጁ በታች ግንዱ ላይ ሲታሰር ነው። በቆመ ግንድ ላይ ይህ አይቀርም። ጉማጁ ሲቆረጥ መጀመሪያ ይወድቃል፣ ከዚያ ነው ገመዱ የሚይዘው። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ጉማጅ ከሆነ መሐሉ ከፑሊው 1 ሜትር በላይ ነበር፣ ገመዱ ሲወጠር 1 ሜትር በታች ይሆናል፣ በድምሩ 2 ሜትር ገደማ በነጻ ወደቀ ማለት ነው። ጉማጁ 100 ኪሎ ይሁን። ገመዱ ደግሞ 100 ኪሎ በጸጥታ ቢንጠለጠልበት 10 ሳንቲሜትር የሚለጠጥ ይሁን። ከታች ያለው ማውረጃ ድርቅ አድርጎ ቢይዘው ገመዱ ላይ የሚመጣው ጉልበት ስንት ነው? በትምህርት ቤት ፊዚክስ ብታሰሉት 740 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ለ100 ኪሎ ጉማጅ! ፑሊው ደግሞ ሁለቱንም የገመድ እግሮች ስለሚሸከም በእሱና በግንዱ አናት ላይ የሚያርፈው ወደ እጥፉ ይጠጋል፣ አንድ ቶን ተኩል ገደማ። የመቁረጫ ሞተሩን ይዞ የተቀመጠው ሰው ደግሞ እዚያው አናት ላይ ታስሮ ነው ያለው።

አሁን ያንኑ ጉማጅ ገመድ ያዡ ቶሎ ሳያደርቀው 4 ሜትር ያህል እያስኬደ፣ እኩል በሆነ ልጓም ያቁመው። ገመዱ ላይ የሚመጣው ጉልበት በአማካይ 150 ኪሎ ብቻ ነው። ያው ገመድ፣ ያው ፑሊ፣ ያው ዛፍ። 740 እና 150። ይህን ልዩነት የሚፈጥረው የትኛውም የቶን ቁጥር አይደለም፣ ማውረጃው ገመዱን ማስኬድ መቻሉና ያዡ ማስኬድ ማወቁ ነው። እኔ ስለ መሳሪያ ምርጫ ያለኝ አመለካከት በሙሉ ከዚህች ስሌት ነው የሚነሳው።

ስለዚህ ገበያ ስትወጡ ማውረጃውን ከመግዛታችሁ በፊት ገመዳችሁን እወቁ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፣ የሚያብረቀርቀውን ብረት ይገዛና ቤት ያለውን ገመድ ያዞርበታል። ገመዱ ነው ብረቱን መምረጥ ያለበት። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚመከረው ድርብ ሽመና ያለው የፖሊስተር ገመድ ነው፣ ውስጡም ውጪውም የተሸመነ፣ ከ12 እስከ 16 ሚሊ ሜትር። ልጠቱ መጠነኛ ነው፣ ሙቀትም ይችላል። ናይለን የበለጠ ይለጠጣል፣ ድንጋጤ ለመዋጥ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ጉማጁ የት እንደሚቆም ለማወቅ ያስቸግራል፣ ሲርስም ከአቅሙ የተወሰነ ያጣል። ፖሊፕሮፒሊን፣ ያ ርካሹና ቀለም ያለው ገመድ፣ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፣ ለዚህ ሥራ ጭራሽ አታስቡት። ዳይኒማ የሚባለው እጅግ ጠንካራና ቀላል ገመድ ደግሞ ከእሱም ባነሰ ሙቀት፣ 150 ሳይደርስ ነው የሚቀልጠው፣ ላዩም እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ማሰሪያ ለመሥራት ግሩም ነው። ማውረጃ ላይ የሚሮጥ ገመድ ሆኖ ግን አይሆንም፣ ሻጩ ስለ ጥንካሬው ምንም ቢላችሁ። ፖሊስተር 250 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ስለሚቆይ ነው የሚመረጠው።

ሰዎች የሚወጡበትን ገመድ ለጉማጅ ማውረጃ መጠቀም፣ ወይም በተገላቢጦሹ፣ አይቻልም። ይህን የሚያደርግ ቡድን ካያችሁ ዛፋችሁን አትስጡት። በቃ።

አሁን ወደ ማውረጃዎቹ ልምጣ። ከሁሉ ርካሹ ምንም አለመግዛት ነው፤ ገመዱን ራሱ ግንዱ ላይ መጠምጠም። በድሮ ጊዜ ሥራው እንዲህ ነበር የሚሠራው፣ አሁንም ይሠራል። ይሠራል ስል ይያዛል ማለቴ ነው። የቅርፊቱ ፍትጊያ ግን ከዛፍ ዛፍ፣ ከደረቅ ቅርፊት እርጥብ ቅርፊት ይለያያል፣ አንዴ ይይዛል አንዴ ይለቃል፣ ገመዱንም ይበላዋል። ወፍራም ግንድ ላይ ግማሽ ዙር ለመጨመር ዛፉን እየዞሩ መሮጥም አለ። ከሌላ ጤነኛ ዛፍ ላይ ጠምጥማችሁ ከሆነ ደግሞ የእሱን ቅርፊት ትልጡታላችሁ።

ስምንት ቁጥር የሚመስለው የተራራ ወጪዎች ብረት ሌላው ርካሽ አማራጭ ነው። ለትንንሽ ቅርንጫፍ፣ ለቀጭን ገመድ እሺ። ግን ገመዱን ያጣምመዋል፣ ጭራው እንደ ፀጉር ተጠቅልሎ ይቆላለፋል፣ ጭነት ላይ እያለ ደግሞ ዙር መጨመርም መቀነስም እንደ ልብ አይቻልም። ለግንድ ጉማጅ የሚሆን አይደለም።

ከዚያ ፖርታራፕ የሚባለው አለ። አጭር የብረት ቱቦ ነው፣ አንድ ጫፉ ላይ ለማሰሪያ የሚሆን ቀለበት፣ ሌላው ጫፍ ላይ ገመዱ እንዳይወጣ የሚከለክል ቀንድ ወይም ክፈፍ አለው። ግንዱ ሥር በማሰሪያ ገመድ ይታሰራል። ቀላል ነው፣ በአንድ እጅ ይያዛል። ትልቁ ጥቅሙ የገመዱን ጫፍ ሳትፈልጉ ከመሐሉ ይዛችሁ ልትጠመጥሙት መቻላችሁ ነው፣ ዙር ስትጨምሩም ስትቀንሱም። ለሚጀምር ቡድን አንድ ብቻ ግዛ ብባል ይህን ነው የምገዛው። እንከኑ ተንጠልጣይ መሆኑ ነው። ጭነት ሲመጣ ወደ ላይ ይነሳል፣ ማሰሪያው በደንብ ካልጠበቀ ያ መነሳት ራሱ ተጨማሪ መውደቅ ይሆናል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ወደ ላይ ስባችሁ አስቀምጡት። ሰው ይህን ይረሳል።

ቦላርድ የሚባለው፣ ግንዱ ላይ በሰፊ ቀበቶ ተጠፍሮ የሚቀመጥ ወፍራም ክብ ብረት፣ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ክቡ ወፍራም ስለሆነ ገመዱን በጣም አያጥፈውም፣ ሙቀቱንም ሰፋ ባለ ገጽ ላይ ያሰራጫል። ከባድ ጉማጅ በብዛት ለሚያወርድ ይሄ ይሻላል። ከባድ ነው፣ መሸከም አለ፣ ግንዱ ጠማማ ወይም ሥሩ ሰፊ ከሆነ አቀማመጡ ያስቸግራል። በላዩ ዊንች የተገጠመለትም አለ፣ የመርከብ ሸራ መሳቢያ ዓይነት። ጉማጁን ከመቁረጥ በፊት ገመዱን ለመወጠር፣ አንዳንዴም ቅርንጫፍን ወደ ላይ ለማንሳት ይጠቅማል። ገመዱ አስቀድሞ በተወጠረ ቁጥር የሚወድቅበት ርቀት ስለሚያጥር ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ዋጋው ግን የሌሎቹ ብዙ እጥፍ ነው፣ አንዳንድ ሰው ደግሞ ዊንች ስላለ ብቻ ዛፉ የማይችለውን ነገር መሳብ ይጀምራል። በሰው ጉልበት የሚቆም ነገር ሲቆም ይታወቃል፣ ዊንች ግን መቆሚያውን አይነግርህም።

የፑሊ ማሰሪያው ላይ የሚቀመጡ፣ ገመዱ በቀዳዳቸው የሚያልፍ የፍትጊያ ቀለበቶችም አሉ። ከላይ ትንሽ ፍትጊያ ስለሚጨምሩ ከታች ያለውን እጅ ያግዛሉ። ጥሩ ናቸው፣ ግን ከታች የምታዞሩትን ዙር መቀነስ እንዳለባችሁ አትርሱ። ከላይም ከታችም ፍትጊያ አብዝታችሁ ገመዱ ካልሮጠ ወደዚያው ወደ 740 ኪሎው ተመለሳችሁ ማለት ነው።

ማውረጃው ለምን ግንዱ ሥር ይታሰራል፣ ለምን ላይኛው ሰው አጠገብ አይሆንም የሚል ሰው አለ። አንዱ ምክንያት ያዡ መሬት ላይ እንዲሆን ነው። ሁለተኛው ግን የገመድ ርዝመት ነው። ረጅም ገመድ የበለጠ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ድንጋጤውን ይውጣል። ቅድም ያሰላነው ገመድ ርዝመቱ በግማሽ ቢያጥር ልጠቱ 5 ሳንቲሜትር ይሆናል፣ 740 የነበረው ወደ 1,000 ኪሎ ያድጋል። እዚህ ላይ ነገሩ ከሚጠበቀው ይለያል፤ የመጨረሻዎቹ ጉማጆች፣ ግንዱ አጥሮ ገመዱም ሲያጥር፣ ወፍራሞችና ከባዶችም ናቸው። ሰው ደክሞት «አለቀ» የሚልበት ሰዓት ላይ ነው ጉልበቱ የሚበዛው። ስለዚህ እነሱን አሳጥራችሁ ቁረጡ።

ክብደት ስንል ደግሞ ግምት አያስፈልግም፣ ይሰላል። እርጥብ እንጨት በብዛት ከ800 እስከ 1,100 ኪሎ በሜትር ኩብ ነው፣ ለጥንቃቄ 1,000 በሉት። 40 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው 1 ሜትር ጉማጅ 126 ኪሎ ነው። 60 ሳንቲሜትር ከሆነ 283 ኪሎ። 80 ከሆነ ግማሽ ቶን። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ ዓይን ግን ይህን አያይም፣ ዓይን «እጥፍ ገደማ ነው» ነው የሚለው። ማውረጃ ከመምረጣችሁ በፊት በአብዛኛው የምትሠሩት ዛፍ ስንት ውፍረት እንዳለው ተነጋገሩ። ከ30 ሳንቲሜትር የማይበልጥ ቅርንጫፍ ብቻ የሚያወርድ ቡድን ትልቁን ቦላርድ ተሸክሞ የሚዞርበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ብረቱ ዓይነት ሻጮች ብዙ ያወራሉ። እውነቱ እንዲህ ነው። አሉሚኒየም ከተራ ብረት አራት እጥፍ ያህል ሙቀት ያስተላልፋል፣ ቀላልም ነው፣ ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ አሸዋ የያዘ ገመድ ቶሎ ይቦረቡረዋል። ተራ ብረት ይከብዳል፣ ይዝጋል፣ ግን ይቆያል። የማይዝገው ብረት ያምራል፣ ገጹ ለስላሳ ነው፣ ሙቀት ማስተላለፍ ላይ ግን ከሦስቱ መጨረሻ ነው፤ ገመዱ የሚነካው ቦታ ብቻ ይግላል እንጂ ሙቀቱ ቶሎ ወደ ሌላው አካል አይሄድም። ሙቀቱ ቀልድ አይደለም። 300 ኪሎ ጉማጅ 15 ሜትር ሲወርድ የሚወጣው ኃይል 44 ኪሎጁል ነው፣ ሁሉም 4 ኪሎ የሚመዝን ብረት ውስጥ ቢገባ ብረቱን በአንድ ጊዜ ከ20 ዲግሪ በላይ ያሞቀዋል። ከፊሉ ወደ ገመዱና ወደ አየር ይሄዳል፣ እሺ፣ ግን ጉማጅ በጉማጅ ላይ ስታወርዱ ይጠራቀማል፣ ገጹም ከመሐሉ በላይ ነው የሚግለው። ገመዱ ላይ የሚያብረቀርቅና እንደ ፕላስቲክ የደረቀ ቦታ ካያችሁ ቀልጧል ማለት ነው። ያ ቦታ ይቆረጥ ወይም ገመዱ ከሥራ ይውጣ። በፍጥነት ማውረድም አይመከርም፣ ያን ያህል ሙቀት በአጭር ጊዜ ስለሚመጣ።

ወፍራም ክብ መምረጥ ሌላም ጥቅም አለው። ገመድ በጣም ሲታጠፍ አቅሙ ይቀንሳል። የፑሊው ጎማ ከገመዱ ውፍረት ቢያንስ አራት እጥፍ ይሁን፣ ስምንት እጥፍ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ለ13 ሚሊ ሜትር ገመድ ይህ 52 ሚሊ ሜትር ነው፣ በሚሻለው ደግሞ 104። ማውረጃው ላይም ያው ነው። ለ10 ሚሊ ሜትር ገመድ በተሠራ ትንሽ ብረት ላይ 16 ሚሊ ሜትር አትጠምጥሙ፣ ዙሮቹም እርስ በርስ እየተደራረቡ ይነክሳሉ፣ ገመዱ የነከሰው ቦታ ላይ ድርቅ ይላል። አምራቹ የሚፈቀደውን የገመድ ውፍረት ብረቱ ላይ ወይም መመሪያው ላይ ይጽፈዋል፣ የማይጽፍ ከሆነ አትግዙት።

አሁን ያ የቶን ቁጥር። ከነአካቴው አይታይ እያልኩ አይደለም፣ ሲታይ በትክክል ይታይ ነው። ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ። አንደኛው ዕቃው የሚበጠስበት ወይም የሚሰበርበት ነው፣ ሌላው በሥራ ላይ የሚፈቀደው ጭነት ነው። ብረት ላይ «100 ኪሎኒውተን» ተብሎ ቢቀረጽ 10 ቶን አካባቢ ማለት ነው፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ መሰበሪያው እንጂ መሥሪያው አይደለም። ሻጩ ግን «10 ቶን ይችላል» ይላችኋል። በአውሮፓ ኅብረት የ2006 የማሽነሪ መመሪያ ላይ ከጨርቅ ለተሠራ ገመድና ማሰሪያ የመበጠሻው ቁጥር በአጠቃላይ ለ7 ይካፈላል፣ ለማሰሪያ ብረት ክፍሎች ደግሞ ለ4። ለድንገተኛ ጭነት ለ10 የሚያካፍሉ ባለሙያዎችም አሉ። 4,500 ኪሎ ላይ የሚበጠስ ገመድ ይዛችኋል እንበል። ለ7 ሲካፈል 640 ኪሎ፣ ለ10 ደግሞ 450። ቋጠሮ ብቻ ከገመድ አቅም ሲሶውን ሊወስድ እንደሚችል እዚያ ላይ ጨምሩበት። አሁን ወደ ላይ ተመለሱና የ100 ኪሎዋን ጉማጅ እዩ። 740 ነበረች። ገመዱ አይበጠስም ይሆናል፣ ግን ከሚፈቀደው አልፏል፣ በሚቀጥለውም ጉማጅ ያልፋል፣ ገመድ ደግሞ የደረሰበትን ያስታውሳል።

የዕቃዎቹን አቅም ስታሰሉ ቅደም ተከተል ይኑራቸው። ፑሊውና ማሰሪያው ሁለቱን እግሮች ስለሚሸከሙ ከገመዱ እጥፍ ያህል የሚችሉ ይሁኑ። ማውረጃውና የእሱ ማሰሪያም አቅማቸው ከገመዱ ያነሰ አይሁን። የሁሉም ደካማው ገመዱ ይሁን፣ ምክንያቱም ገመድ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል፣ በርካሽም ይቀየራል። ብዙ ጊዜ የማየው ግን የተገላቢጦሹን ነው፤ አሪፍ አዲስ ማውረጃ ባረጀ ማሰሪያ ታስሮ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አሁንም ከሁሉ ደካማው ዛፉ ራሱ ሊሆን ይችላል። ውስጡ የበሰበሰ ግንድ ላይ የምትሰቅሉት ፑሊ ስንት ቶን ቢችል ምን ዋጋ አለው? ለዚህ የሚሸጥ መሳሪያ የለም። ከተጠራጠራችሁ ጉማጁን አሳንሱ፣ ወይም ሌላ ጤነኛ ዛፍ ላይ ስቀሉ፣ ወይም ሰው የማይወጣበት መንገድ ፈልጉ።

አሁን ወደ ሰውየው። መሳሪያው ከመገዛቱ በፊት ገመድ ያዡን ጠይቁት! የሚገርመው ይህ ነው፣ ብዙ ቡድን ውስጥ ዕቃ የሚመርጠው ላይ የሚወጣው ሰው ነው፣ የሚጠቀምበት ግን ታች ያለው ነው። በጓንት እጅ ዙር ማውጣትና ማስገባት ይመቻል ወይ? ግማሽ ዙር ይይዛል ወይ? ቅድም እንዳየነው በሁለትና በሦስት ዙር መካከል ያለው ልዩነት ከ30 ወደ 12 ኪሎ ነው፣ ብዙ ጊዜ የምንፈልገው መሐሉን ነው። ገመዱ የሚገባበትና የሚወጣበት አቅጣጫ ያዡን ወደ ጎን ራቅ ብሎ እንዲቆም ይፈቅድለታል ወይስ ጉማጁ የሚወርድበት ሥር ያቆመዋል? ይህን ለማወቅ መሬት ላይ መሞከር ነው። ቀለል ያለች ጉማጅ አንጠልጥላችሁ፣ ዙሩን እየቀያየራችሁ አውርዱ። ሻጩ ይህን የማያስሞክር ከሆነ ገዝታችሁ እናንተው ሞክሩት፣ ከጣሪያ በላይ ሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት። ዝናብ የነካውንና ደረቁን ገመድም ለየብቻ ሞክሩ፣ የዙሩ ቁጥር ይለያያል።

ያገለገለ ዕቃ የምትገዙ ከሆነ ብረቱን ጥጥ ወይም ጨርቅ ይዛችሁ ዙሪያውን አብሱት። ጥጡ ከያዘ ገመዱንም ይይዛል፣ ይበላዋልም። ገመድ የቆፈረው ቦይ፣ ብየዳው አጠገብ ያለ ስንጥቅ፣ የታጠፈ ቀንድ ካለ መልሱለት። ጽሑፉ ተፍቆ ከሆነም እንዲሁ፣ አቅሙ የማይታወቅ ዕቃ ርካሽ አይደለም። የእንግሊዝ የ1998 የማንሻ ዕቃዎች ደንብ እንደ ማሰሪያ ያሉትን ዕቃዎች በየ6 ወሩ ብቃት ባለው ሰው አስመርምሩ ይላል። እንደዚያ የሚያስገድድ በሌለበትም ልማዱ መጥፎ አይደለም። ከዚያ ውጭ በየቀኑ ጠዋት በዓይንና በእጅ ማየት የማንም ፈቃድ አይጠይቅም።

አዘጋጆች፣ ጽሑፋችሁን እንደገና የምታወጡት ከሆነ ስለ ቶን ያለውን አንቀጽ ብታስተካክሉልኝ ደስ ይለኛል፤ ቦታ ከሌላችሁ ቢያንስ «ገመዱ ይሩጥ» የሚለውን አስገቡልኝ። ሥዕሉን ግን ቦታ ቢኖራችሁም ባይኖራችሁም ቀይሩት። ከጽሑፉ ጎን ያወጣችሁት ሥዕል ላይ ሰውየው ያለ ጓንት፣ ገመዱን መዳፉ ላይ ሁለቴ ጠምጥሞ፣ ጭራውም እግሩ ሥር ተዘርግቶ፣ ከጉማጁ በታች ቆሞ ነው የሚታየው። ገመዱ በድንገት ቢሮጥ እጁን ይዞት ወደ ብረቱ ይሄዳል። ልጆች ሥዕሉን አይተው ነው የሚማሩት፣ ጽሑፉን ማን እስከ መጨረሻው ያነበዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ገመድ ያዥ አንባቢያችሁ